የወደቀ ዛፍና የአንባቢ ምሣር

አንባቢ ፈራጅ ነው፤ ይህን ሥልጣኑን ማንም ሊነፍገው አይችልም። ነገር ግን የሚፈርድ ሁሉ አስቀድሞ መዝገቡን የመመርመር ግዴታ አለበት። እንግሊዛዊቷ ደራሲ አጋታ ክሪስቲ በ1973 ባሳተመችው «የዕጣ ፈንታ የጓሮ በር» በተሰኘው ልብ ወለድ ላይ ሲሰነዘር የኖረው የአንባቢ አስተያየት ግን፣ በአብዛኛው መዝገብ ሳይገለጥ የተበየነ ብይን ነው። (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።)

መጽሐፉ ቶሚና ታፐንስ የተባሉ ባልና ሚስት ወንጀል የሚመረምሩበት ተከታታይ ሥራ አምስተኛውና የመጨረሻው ነው። የዘርፉ ጠባይ የታወቀ ነው፤ ግድያ አለ፣ ደም ግን ብዙ አይታይም፤ መንደሩ ጸጥ ያለ ነው፣ ሻይ አይጓደልም፣ በመጨረሻው ምዕራፍም ወንጀለኛው ተለይቶ የተናጋው ሥርዓት ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህኛው መጽሐፍ ሁለቱ አዛውንት አንድ አሮጌ ቤት ገዝተው ይገባሉ። ታፐንስ ከቤቱ ጋር የተረከቧቸውን የልጆች መጻሕፍት ስታገላብጥ፣ በአንደኛው ውስጥ የተሰመረባቸው ፊደላት ያጋጥሟታል፤ ፊደላቱ ሲገጣጠሙ ሜሪ ጆርዳን የምትባል ሴት የሞተችው በተፈጥሮ ሞት እንዳልሆነ ይናገራሉ። ከዚህ የተሻለ አጀማመር ለማግኘት ያስቸግራል። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ይላላል፤ አንዱ ጭውውት በሌላው ይደገማል፣ የዘመን ስሌቱ ይምታታል፣ መፍትሔውም ከተነሣው ጥያቄ ጋር አይመጣጠንም። ይህን መካድ ለደራሲዋ መወገን ሳይሆን አንባቢን መናቅ ነው።

ክርክሩ ጉድለቱ መኖሩ ላይ አይደለም፤ ከጉድለቱ ተነሥቶ በሚሰጠው ፍርድ ላይ ነው። «ብዕሯን በጊዜ ማስቀመጥ ነበረባት» የሚለው ድምፅ ከሁሉ ይጎላል። የወደቀ ዛፍ ምሣር ይበዛበታል እንዲሉ፣ የሰማንያ ሦስት ዓመት አሮጊት የጻፈችውን መጽሐፍ ለመቁረጥ ብዙ ጉልበት አይጠይቅም። ይሁን እንጂ ይህን የሚል አንባቢ የራሱን ድርሻ ዘንግቷል። ከተከታታዩ ሦስተኛው መጽሐፍ በ1941 ከወጣ በኋላ ባልና ሚስቱ ለሃያ ሰባት ዓመት ዝም ብለው ነበር። አራተኛው በ1968 ሲታተም፣ ክሪስቲ መታሰቢያነቱን የሰጠችው ከልዩ ልዩ አገሮች ደብዳቤ እየጻፉ ቶሚና ታፐንስ አሁን ምን ላይ እንዳሉ ለጠየቋት አንባቢዎች ነው። እንግዲህ ጠርቶ ያስነሣቸው አንባቢ፣ አርጅተው ሲመጡ ለምን መጡ ማለቱ ምን ይባላል?

ሌላው አስተያየት ደግሞ በኅትመት ቅደም ተከተል የተታለለ ነው። በ1975 የወጣው «መጋረጃ» እና ደራሲዋ ካረፈች በኋላ በ1976 የወጣው «ያንቀላፋ ግድያ» የተጻፉት ከሠላሳ ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ ተቆልፎባቸው ተቀምጠው ነበር። የጎልማሳነት ዘመኗን ሥራ በመጨረሻ አንብቦ ከመጨረሻ ልብ ወለዷ ጋር ማወዳደር ፍርድን ያጣምማል፤ የመጨረሻ የጻፈችው «የዕጣ ፈንታ የጓሮ በር» ነውና።

በ2009 ደግሞ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በተለያየ ዕድሜዋ የጻፈቻቸውን መጻሕፍት ቃላት ቆጥረው፣ በመጨረሻዎቹ ውስጥ የቃላት ሀብት መመናመኑን፣ የድግግሞሽና የደበዘዙ ቃላት መብዛታቸውን አሳዩ፤ ይህም የመርሳት በሽታ ምልክት ሊሆን እንደሚችል ገለጹ። ጥናቱ ለሕክምና ሳይንስ ያለው ጥቅም ራሱን የቻለ ነው። ሂስን ተክቶ ሲገባ ግን ጉዳት ያመጣል። ሐያሲ የሐኪም ካባ ደርቦ የመጽሐፉን ገጽ እንደ ሕመምተኛ ምላስ ሲመለከት፣ ሥራው ስለ ምን እንደሆነ መጠየቁን ይተዋል።

ሥራው ደግሞ የሚለው ነገር አለው። ፖዋሮ የተባለው መርማሪ በ1920 ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ ጡረተኛ ፖሊስ ነበር፤ በ1972ም ከነጢሙ ወንጀል ሲመረምር ይገኛል። ጊዜ አይነካውም። ቶሚና ታፐንስ ግን በ1922 ሲተዋወቁን ዕድሜያቸው ተደምሮ 45 የማይሞላ ወጣቶች ነበሩ፤ በ1973 አያቶች ናቸው። ከደራሲያቸው ጋር አርጅተዋል። ስለዚህ የሚንዛዛው ጭውውታቸው ከፊሉ የብዕር ድካም ቢሆንም፣ ከፊሉ ሁለት ሽማግሌዎች ሌሎች የረሱትን ሞት ለማስታወስ የሚያደርጉት ትግል ነው። የትኛው ክፍል የትኛው መሆኑን መለየት የሐያሲ ሥራ ነው፤ አድካሚም ነው፣ «አሰልቺ» ብሎ ማለፍ ይቀላልና።

ከዚህ ሁሉ ሙግት መካከል አንድ ተከሳሽ ቀርቷል፤ ከበርቴው የመጻሕፍት ገበያ ነው። ለገና በዓል አንድ የክሪስቲ መጽሐፍ የሚለው የአሳታሚዎቿ ማስታወቂያ ደራሲዋን በየዓመቱ እንደሚደርስ ሰብል አስቆጥሯታል። ስሙ ብቻውን ሲሸጥ፣ የተምታታ ዓመት አርሞ ማውጣት ለገበያው ትርፍ ወጪ ነው። ማንኛውም ጠንቃቃ አርታዒ ሊያቃናው የሚችል ስሕተት በሽፋኑ ላይ ስሟን ይዞ ወጣ፤ ዕዳውም በአሮጊቷ ላይ ተጻፈ።

በመጽሐፉ ውስጥ አይዛክ የሚባል ሽማግሌ አትክልተኛ አለ። የመንደሩን የቆየ ወሬ፣ የቤቱን የቀድሞ ነዋሪዎች፣ የጓሮውን ምሥጢር የሚያውቅ እሱ ነው። ይገደላል። የአሮጌው ቤት ባለቤቶች ያለፈውን ለማወቅ ሲጥሩ፣ ያለፈውን በትዝታው ተሸክሞ የኖረው ሠራተኛ ሕይወቱን ይከፍላል፤ ታሪኩም ጥቂት አዝኖለት ወደ ጭውውቱ ይመለሳል። የተደጋገመ ቃል የሚቆጥር አንባቢ፣ ቆጠራውን ለአፍታ አቁሞ ለአይዛክ ስንት ገጽ እንደተሰጠው ቢቆጥር ደራሲዋን በሚገባ ሊከሳት ይችል ነበር።