ትምህርቱ ከወር አበባዋ ይቅደም፦ ለትምህርት ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለትምህርት ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ክቡራንና ክቡራት የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

ሦስት ሆነው ከሚቀመጡበት አግዳሚ መሐል ላይ ያለችው ልጅ የሒሳቡን መልስ ታውቀዋለች። መምህሩ ስሟን ሲጠራ ግን «አላውቅም» ትላለች። መልስ የሚመለሰው ተነሥቶ ነው፤ አንዳንዴም ጥቁር ሰሌዳው ድረስ ሄዶ ነው። እሷ ደግሞ ከጠዋት ጀምሮ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራ፣ ቀሚሷ ምን እንደ ሆነ ዞራ ለማየት እንኳ ፈርታ ተቀምጣለች። የዕረፍት ደወል ተደውሎ ሁሉም ሲወጣ እሷ ትቀራለች። በማግሥቱ ስም ሲጠራ የለችም። ተመልሳ ስትመጣ የት እንደ ነበረች ብትጠየቅ «አሞኝ ነው» ትላለች፤ ጉዳዩም በዚሁ ያበቃል።

በዚህች አገር በየትኛውም ወረዳ ያስተማረች መምህርት ይህችን ልጅ ታውቃታለች።

ሞዴስ ማጣት ትልቅ ችግር ነው፤ ውኃና በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ማጣትም እንደዚሁ። ይህ ደብዳቤ ግን ከሁለቱም የሚቀድመውን ነገር ይመለከታል። ልጅቷ በሰውነቷ ላይ ምን እየሆነ እንዳለ ማንም አስቀድሞ አልነገራትም። ሞዴስ በእጇ ቢሰጣት እንኳ ለምን እንደሚያስፈልጋት የምታውቀው ከደነገጠች በኋላ ነው።

የሚያስቆጨው፣ ሰውነት ድንገት የማይለወጥ መሆኑ ነው። የሴት ልጅ ጉርምስና በአብዛኛው ከ8 እስከ 13 ዓመት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ የምትባል ዕጢ እንቁላል ወደሚያመርቱት አካላት መልእክት ትልካለች፤ እነሱም ኢስትሮጅን የተባለውን ሆርሞን ያመነጫሉ። መጀመሪያ የሚታየው የጡት ማጎጥጎጥ ነው፤ ከጡቷ ጫፍ ሥር ሽምብራ የሚያህል፣ ሲነካ የሚያም ጠጠር ያለ ነገር ይዳሰሳል። አንዱ ጡት ከሌላው ወራት ሊቀድም ይችላል፤ ያልተነገራት ልጅ ግን «ዕጢ ወጣብኝ» ብላ ደብቃው ትኖራለች። ከዚያ በብብቷና በብልቷ አካባቢ ፀጉር ይበቅላል፣ ቁመቷ ይመዘዛል፣ የላቧ ጠረን ይለወጣል፣ ፊቷ ላይ ብጉር ይወጣል። ደም ከማየቷ ወራት ቀደም ብሎ ነጭ ፈሳሽ ታያለች። የወር አበባ የሚመጣው ጡቷ ማጎጥጎጥ ከጀመረ ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ በኋላ ነው።

እናትም፣ መምህርትም፣ ሚኒስቴሩም ሁለት ዓመት አላቸው ማለት ነው።

ልጅቷ ማወቅ ያለባት ነገርም ብዙ አይደለም። የሚፈሰው ደም ለዓይን ብዙ ይመስላል፤ በሾርባ ማንኪያ ቢለካ ግን በአንድ ዙር ከሁለት እስከ አምስት ማንኪያ ቢሆን ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ቀኑ ቢዛባ ወይም አንዳንድ ወር ቢዘለል የሚያስደነግጥ አይደለም። ቁርጠቱ የሚመጣው ማሕፀን ሲኮማተር ነው፤ ሙቅ ነገር ሆድ ላይ ማድረግ ያስታግሠዋል። ሞዴስም ሆነ ጨርቅ በየአራት እስከ ስድስት ሰዓቱ ይቀየራል፤ የታጠበ ጨርቅ ተደብቆ ሳይሆን ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። በየሰዓቱ ሞዴሱን የሚያርስ ደም ካለ፣ ወይም 15 ዓመት ሞልቷት ገና ካላየች፣ ጤና ጣቢያ መሄድ ይኖርባታል። ይህ ሁሉ የመማሪያ መጽሐፍ አንድ ገጽ አይሞላም።

ያ አንድ ገጽ በወቅቱ ሳይደርሳት ሲቀር ቦታውን ወሬ ይይዘዋል። «ወንድ ከነካሽ ታረግዣለሽ» ትባላለች፤ ምን ዓይነት መንካት እንደሆነ የሚያስረዳት የለም። በአንዳንድ የሰሜን ኢትዮጵያ ገጠሮች ደግሞ የወር አበባ የሚመጣው ልጅቷ ወንድ ስታውቅ ነው የሚል እምነት አለ። መነሻውን ለመገመት አያዳግትም። በልጅነቷ የተዳረች ሴት የመጀመሪያ ደሟን የምታየው በባሏ ቤት ነው። ጋብቻው ሲቀድም፣ ደሙ ሲከተል በየትውልዱ ያየ ሰው አንዱ ሌላውን ያመጣው ቢመስለው አይገርምም። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ የጋብቻን ዕድሜ 18 አድርጎታል። ሆኖም በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ25 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች ግማሾቹ በ17 ዓመታቸው ግድም ወይም ከዚያ በፊት ማግባታቸውን አሳይቷል። የዛሬዎቹ ተማሪዎች እናቶች እነዚህ ናቸው።

ያለ ዕድሜ ጋብቻ እየቀነሰ ሲሄድም እምነቱ ይቆያል። ሳታገባ ትምህርት ቤት የምትውለው ልጅ ደም ባየች ቀን ከሕመሙ ይልቅ የምትፈራው እናቷን ነው፤ «አየሁ» ብሎ መንገር «ከወንድ ጋር ነበርኩ» ብሎ በራስ ላይ መመስከር ይመስላታል። ስለዚህ ዝም ትላለች። እናትም ያልተጠየቀችውን አትናገርም፤ እሷም በልጅነቷ የነገራት አልነበረም።

ስለ እምነት ሥርዓት አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። የወር አበባ ላይ ያለች ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ቤተ መቅደስ አትገባም፤ ሙስሊሟም ሶላት አትሰግድም። ይህ የየሃይማኖቱ ጉዳይ ነው፤ ሚኒስቴሩ እጁን የሚያስገባበት አይደለም። ነገር ግን ልጅቷ ስለ ሰውነቷ የምትሰማው የመጀመሪያው ቃል «አትግቢ»፣ «አትንኪ» ብቻ ከሆነ ሥርዓቱን እንደ ቅጣት ትወስደዋለች። ቀደም ብሎ ጤናማ መሆኗ የተነገራት ልጅ ሥርዓቷን ሳትሸማቀቅ ትጠብቃለች።

መፍትሔ ፍለጋ ሩቅ መሄድ አያሻም። በአማራ ክልል ሞሰቦ በተባለው ቀበሌ ከ2004 እስከ 2006 እ.ኤ.አ. «ብርሃን ሔዋን» የተሰኘ ፕሮግራም ተሞክሮ ነበር። ልጃገረዶች የአካባቢው ሴቶች በሚመሯቸው ቡድኖች ይሰበሰቡ ነበር፤ የትምህርት ቁሳቁስ ያገኛሉ፣ ስለ ጤናቸው ይማራሉ፣ ማኅበረሰቡም ስለ ልጅነት ጋብቻ ይወያያል። ልጃቸውን ሳይድሩ ፕሮግራሙን ላስጨረሱ ቤተሰቦች ማበረታቻ ይሰጥ ነበር። በፕሮግራሙ ላይ በተደረገው ጥናት መሠረት ከ10 እስከ 14 ዓመት የሆኑ የቀበሌው ልጆች የመዳር ዕድላቸው ፕሮግራሙ ካልደረሰበት ተመሳሳይ አካባቢ ልጆች ጋር ሲነጻጸር ወደ አንድ ዐሥረኛ ወረደ። ማበረታቻው ረድቷል፤ የዚህ ደብዳቤ ጸሐፊ ይበልጥ የሚያምንበት ግን ልጅቷ የምትጠይቃት፣ ቤቷን የምታውቀው ሴት መኖሯን ነው።

ወይዘሮ ፍሬወይኒ መብራህቱም አሉ። በአሜሪካ ኬሚካል ምሕንድስና ተምረው ተመለሱ፤ እየታጠበ ደጋግሞ የሚያገለግል ሞዴስ ሠርተው የፈጠራ መብት አስመዘገቡ፤ መቀሌ ላይ በልጃቸው ስም «ማርያም ሳባ» የተባለውን ፋብሪካ ከፈቱ። በ2019 እ.ኤ.አ. ሲኤንኤን የዓመቱ ጀግና ብሎ ሸልሟቸዋል። ከፋብሪካው ያልተናነሰው ሥራቸው ግን ትምህርቱ ነው። ሞዴሱ ወደ ትምህርት ቤቶች ሲሄድ ስለ ወር አበባ የሚያስረዳ መጽሔትም አብሮ ይሄዳል፤ መጽሔቱ የሚሰጠውም ለሴቶቹ ብቻ ሳይሆን ለወንዶቹም ጭምር ነው።

የወንዶቹ ነገር ሊጤን ይገባል። ልጅቷን አግዳሚው ላይ ያስቀራት ከኋላዋ የሚሰማው ሳቅ ነው። የሚስቀውም ልጅ ድምፁ ለምን እንደሚጎረንን፣ ሌሊት ልብሱ ለምን እንደሚረጥብ ማንም ያልነገረው ነው። ሁለቱም የየራሳቸውንና የሌላውን ለውጥ በአንድ ክፍል ቢማሩ፣ ከዚያም ሴቶቹ ከመምህርት፣ ወንዶቹ ከመምህር ጋር ለብቻ የሚጠይቁበት ሰዓት ቢኖራቸው ሳቁ ይቀንሳል።

የታንዛኒያ ተሞክሮም ለሚኒስቴሩ ይጠቅማል። በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የሕዝብ ጤና ተመራማሪ የሆኑት ማርኒ ሶመር ለልጃገረዶች የጉርምስና መጽሐፍ ሲያዘጋጁ መጀመሪያ የጠየቁት ልጆቹን ነው። ልጆቹ የመጀመሪያ የወር አበባቸው ቀን ምን እንደ ሆኑ፣ ታናናሾቻቸውን ምን እንደሚመክሩ ጻፉ፤ ታሪካቸውም መጽሐፉ ውስጥ ገባ። እንዲህ ያለ ታሪክ ያነበበች ልጅ ብቻዋን እንዳልሆነች ታውቃለች። የማሕፀን ሥዕል ይህን አይነግራትም።

እንግዲህ ሚኒስቴሩ የሚጠየቀው ይህንን ነው። ትምህርቱ ከአራተኛ ክፍል ይጀምር። በ7 ዓመቷ ትምህርት የጀመረች ልጅ አራተኛ ክፍል ስትደርስ 10 ዓመቷ ነው፤ በገጠር ዘግይታ የገባችው ደግሞ 12 ወይም 13 ሊሆናት ይችላል። ከዚህ በላይ መጠበቅ ለብዙዎቹ መዘግየት ነው፤ ከዚያ በፊት ትምህርት ለሚያቋርጡት ደግሞ ጨርሶ አለመድረስ ነው። ልጆቹ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው ይማሩት፤ ቃላቱም እናቶቻቸው ቤት ውስጥ የሚሏቸው ይሁኑ።

መጽሐፉ መታተሙ ግን አይበቃም። ምዕራፉ ተጽፎም ቢሆን «ይህን እቤታችሁ አንብቡት» ተብሎ የሚታለፍበት ክፍል ብዙ ነው። መምህሩን መውቀስ ቀላል ነው፤ እሱም ቃሉን ጮክ ብሎ ተናግሮት አያውቅም። ስለዚህ የመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች ዕጩ መምህራን ይህንን ትምህርት ባልደረቦቻቸው ፊት ቆመው እንዲያስተምሩ ያድርጉ፤ ያፈረ እዚያው አፍሮ ይጨርስ። በመላ አገሪቱ ቀበሌዎች ደግሞ ከ30 ሺህ የሚበልጡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች አሉ፤ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ የእናቶቹንም ቤት ያውቃሉ። ከጤና ሚኒስቴር ጋር በመስማማት በየመንፈቁ አንድ ቀን ትምህርት ቤት እንዲመጡ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እናቶቹን እንዲያነጋግሩ ማድረግ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አይጠይቅም።

ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ዓለም አቀፍ የወር አበባ ንጽሕና ቀን በየዓመቱ ሜይ 28 ይከበራል። ቀኑ የተመረጠው አማካዩ ዑደት 28 ቀን፣ የሚፈሰው ደግሞ ወደ 5 ቀን፣ ሜይም በፈረንጆች አቆጣጠር አምስተኛው ወር በመሆኑ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ግንቦት 20 ላይ ይውላል። ያኔ የትምህርት ዘመኑ ሊያልቅ ነው። አዳራሽ ውስጥ የሚደረግ ንግግር በዚያ ዓመት መስከረም ወይም ጥር ላይ ደም ላየችው ልጅ አይደርስላትም። ምዕራፉ በመጀመሪያው መንፈቅ ዓመት፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት እንዲሰጥ፣ ረቂቁም ከመታተሙ በፊት ከየክልሉ በተመረጡ የአራተኛና የአምስተኛ ክፍል ልጃገረዶች እንዲነበብና ያልገባቸው ቦታ እንዲስተካከል ይህ ደብዳቤ በአክብሮት ይጠይቃል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር