መስመሩ መሬት ውስጥ ገባ፤ መብራት መጥፋቱስ?

ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በእግራችሁ ስትሄዱ እስኪ ቀና ብላችሁ ሰማዩን እዩት። ፎቶ ባነሳን ቁጥር መሀል እየገባ ያስቸግረን የነበረው የሽቦ ክምር የለም። በ2016 ዓ.ም. በተጀመረው የኮሪደር ልማት የመብራቱም የቴሌውም ገመድ መሬት ውስጥ ገብቷል። መንገዱ አምሮበታል፤ ይሄን የሚክድ የለም።

አሁን ደግሞ ታክሲ ይዛችሁ ወደ ከተማዋ ዳር ውጡ። ወደ ካሊቲ፣ ወደ ኮተቤ፣ ወደ ሰበታ መውጫ። ትልልቆቹ የብረት ታወሮች እዚያው ናቸው። ከሥራቸው ልጆች ኳስ ይጫወታሉ፣ ጎመን ይተከላል፣ አንዳንድ ቦታ ቤትም ተሠርቷል። ካፊያ ሲጥል ከላይ «ዝዝዝ» የሚል ድምፅ ይሰማል።

ብዙዎቻችን «ኬብል ተቀበረ» ሲባል እነዚህም አብረው የሚቀበሩ ይመስለናል። ወይ ደግሞ መብራት ሲጠፋ «መሬት ውስጥ ከገባ በኋላ ምን ሆነ ነው የሚጠፋው?» ብለን እንናደዳለን። ሁለቱም ተገቢ ጥያቄ ነው። ነገሩን ፈታ አድርገን እንየው።

የተቀበረው የትኛው ነው?

ኤሌክትሪክ ከግድብ እስከ ስልካችሁ ቻርጀር የሚመጣው በደረጃ ነው። ከህዳሴ ግድብ የተነሳ ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት መስመር ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዞ ሆለታ ይደርሳል። ከዚያ በ400፣ በ230 እና በ132 ኪሎ ቮልት መስመሮች እየተከፋፈለ ማከፋፈያ ጣቢያዎች (ሰብስቴሽን የምንላቸው) ውስጥ ይገባል። ከጣቢያው በ33 ወይም በ15 ኪሎ ቮልት ወደ ሰፈር ይወጣል። በመጨረሻ የሰፈሩ ትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት አውርዶ ለቤታችን ይሰጠናል።

የላይኛው ክፍል የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ሥራ ነው። የታችኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት። እኛ ሁለቱንም «መብራት ኃይል» እንላቸዋለን እንጂ በ2006 ዓ.ም. ተለያይተዋል።

በኮሪደሩ ዳር ሲቀበር ያየነው በአብዛኛው የታችኛው ነው፦ ባለ 15 ኪሎ ቮልቱ እና ወደ ቤት የሚገባው። የብረት ታወር ላይ ያለው ከፍተኛ መስመር ሌላ ጉዳይ ነው። ዋጋውም፣ ቴክኒኩም፣ ሲበላሽ የሚያመጣው ጣጣም ይለያል።

መቅበር ምን ይጠቅማል?

ጥቅሙ ውበት ብቻ አይደለም። ክረምት ሲገባ መብራት የሚያጠፋው ምንድነው? ነፋስ፣ መብረቅ፣ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ፣ የበሰበሰ የእንጨት ምሰሶ። የተቀበረ ኬብልን እነዚህ አያገኙትም።

ሕይወትም ያድናል። ሕንፃ ሲሠራ የብረት ዘንግ ወይም ቆርቆሮ ይዞ መወጣጫ ላይ የቆመ የቀን ሠራተኛ ከሽቦ ጋር ሲነካካ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ለከፍተኛ መስመር መንካትም አያስፈልግም፤ በጣም መቅረብ ብቻ ይበቃል።

ሌላም አለ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል የታወር ብረቶች እየተፈቱ እንደሚሰረቁ በየጊዜው ይናገራል። ብረቱ የተፈታበት ታወር ነፋስ ሲመጣ ይወድቃል፤ አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱን ይጎትታል። መሬት ውስጥ ያለ ኬብል ከዚህ ዓይነቱ ስርቆት የተሻለ ይጠበቃል።

እንግዲህ ይሄ ሁሉ ጥቅም ካለ ለምን ሁሉንም አንቀብረውም?

አየር በነፃ ነው

ታወር ላይ ያለው ሽቦ እርቃኑን ነው። ፕላስቲክ የለበሰ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አይደለም። ኤሌክትሪኩ ወደ ሌላ እንዳይዘል የሚከለክለው በዙሪያው ያለው አየር ነው። ሽቦው ሲሞቅ የሚያቀዘቅዘውም ያው አየር ነው። ለሁለቱም ሥራ ሳንቲም አይከፈልም።

ኬብሉ ሲቀበር እነዚህን ሁለት ሥራዎች በገንዘብ መግዛት ግድ ይላል። መሀል ላይ መዳብ ወይም አሉሚኒየም፣ በላዩ ወፍራም መከላከያ ፕላስቲክ፣ ከዚያ የብረት ሽፋን፣ ከዚያ ሌላ ልባስ። አፈር ደግሞ ሙቀት ቶሎ አይለቅም። ስለዚህ ያንኑ ያህል ኃይል ለማሳለፍ ወፈር ያለ ኬብል ያስፈልጋል። ጉድጓዱም ተቆፍሮ በወጣው አፈር ዝም ብሎ አይደፈንም፤ ሙቀት የሚያስወጣ የተመረጠ አሸዋና ድብልቅ ይገባበታል። ቦሌ፣ ሲኤምሲ እና አቃቂ አካባቢ የግንባታ ሰዎች «ብላክ ኮተን» የሚሉት ጥቁር አፈር አለ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል። ቤት የሚሰነጥቅ አፈር ኬብልንም መግፋቱ አይቀርም።

ዋጋውስ? በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ2025 የወጣ የመሐንዲሶች ማኅበር ጥናት ከፍተኛ መስመርን መቅበር በአየር ላይ ከመዘርጋት በአማካይ አራት ተኩል እጥፍ ገደማ ያስወጣል ይላል። የእኛ አገር ቁጥር ከዚህ ይለያል፤ ግን «ትንሽ ጨመር አድርገን እንቀብረው» የሚባል ነገር አለመሆኑን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ከዋጋው በላይ ፊዚክሱ አለ። የተቀበረ ኬብል ከጫፍ እስከ ጫፍ ራሱ ኃይል ይይዛል። ከወንዝ በጀሪካን ውሃ የሚያመጣ ሰው አስቡ። በየኪሎ ሜትሩ ራሱ ከጀሪካኑ ይጠጣል እንበል። ቤቱ ቅርብ ከሆነ ችግር የለም፤ ሩቅ ከሆነ ግን ባዶ ጀሪካን ይዞ ይደርሳል። ባለ 400 ኪሎ ቮልት ኬብል ጥቂት አስር ኪሎ ሜትሮች ሲሄድ ማሳለፍ ከሚችለው አቅም ትልቁን ድርሻ በዚህ መንገድ ይጨርሳል። በየመንገዱ ማካካሻ መሣሪያ እየተከሉ መቀነስ ይቻላል፤ እሱም ሌላ ወጪ ነው።

ለዚህ ነው ከህዳሴ ግድብ እስከ ሆለታ ያለውን መስመር ለመቅበር ማንም የማያስበው። ከተማ ውስጥ ያለ አምስት ወይም አሥር ኪሎ ሜትር ባለ 132 ኪሎ ቮልት መስመር ግን በደንብ ይቻላል።

ጀርመኖች ረጅሙንም እንቀብራለን ብለዋል። ሱድሊንክ የሚባለው መስመራቸው የነፋስ ኃይልን ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚወስድ፣ 700 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም ነው። «ታወር በደጃችን አናይም» ያሉ ነዋሪዎች ስለበዙ እ.ኤ.አ. በ2015 መቅበር በሕግ ቅድሚያ ተሰጠው። የጀሪካኑን ችግር ለማምለጥ ቀጥተኛ ጅረት (ዲሲ) ይጠቀማሉ። እሺ፣ ተቻለ። ግን መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2022 ያልቃል የተባለው ሥራ ወደ 2028 ተገፍቷል። ሀብታም አገርም ዋጋውን በጊዜ ከፍሏል።

ሲበላሽስ?

እዚህ ጋ ነው ብዙዎቻችን የምንሳሳተው። የተቀበረ ኬብል ቶሎ ቶሎ አይበላሽም። ከተበላሸ ግን ቶሎ አይጠገንም።

የኒውዚላንዷን ኦክላንድ ከተማ እንይ። የመሀል ከተማዋ ኃይል የሚመጣው በአራት የተቀበሩ ባለ 110 ኪሎ ቮልት ኬብሎች ነበር። እ.ኤ.አ. በ1998 መጀመሪያ፣ በሞቃትና ደረቅ በጋ፣ አንዱ ሄደ። ጭነቱ ወደ ሦስቱ ዞረ። ሁለተኛው ሄደ። በየካቲት ወር የቀሩት ሁለቱም ተከታትለው ሄዱ። የንግዱ ማዕከል ለአምስት ሳምንት ገደማ ቀውስ ውስጥ ገባ፤ ጄኔሬተር ያለው በጄኔሬተር፣ የሌለው ዘግቶ። በመጨረሻ ምን አዳናቸው? በባቡር ሐዲዱ ዳር በጥድፊያ የተዘረጋ የአየር ላይ መስመር!

ለምንድነው ጥገናው የሚቆየው? ታወር ላይ የተበጠሰ ሽቦ በዓይን ይታያል፤ ሠራተኛ ወጥቶ በሰዓታት ወይም በቀናት ይቀጥለዋል። የተቀበረው አይታይም። ከአንዱ ጫፍ የኤሌክትሪክ ምት ተልኮ፣ ነጥሮ እስኪመለስ ያለው ጊዜ ተለክቶ፣ የተበላሸው ቦታ በግምት ይታወቃል። ከዚያ አስፋልት ይሰበራል፣ ይቆፈራል፣ የተበላሸው ተቆርጦ አዲስ ይቀጠላል። ለከፍተኛ ቮልቴጅ ይሄ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል።

መቀጠሉ ራሱ ትልቅ ሙያ ነው። አንድ ጥቅል ኬብል 500 ሜትር ነው ብለን ብናስብ አሥር ኪሎ ሜትር መስመር 20 ቁራጭ ይፈልጋል፤ በመካከላቸው 19 መጋጠሚያ አለ። ኬብሉ ሦስት ስለሆነ 57 መጋጠሚያ ማለት ነው። አንዷ ውስጥ አቧራ ወይም እርጥበት ከገባ፣ ከዓመታት በኋላም ቢሆን፣ የምትፈነዳው እሷ ናት። ያንን በንጽሕና የሚሠራ ሠራተኛ ስንት አለን? ጥያቄው ከኬብሉ ዋጋ እኩል ሊጠየቅ ይገባዋል።

ደግሞ የእኛ ከተማ ሌላ ጠላት አላት፤ ስካቫተር። አንዱ መሥሪያ ቤት የቀበረውን ሌላው ሲቆፍር ይበጥሰዋል። ውሃ ሲገባ ቴሌ ይበጠሳል፤ ቴሌ ሲገባ ውሃ ይፈነዳል። የኮሪደሩ ሥራ አንድ ጥሩ ነገር ይዞ መጥቷል፤ ብዙ ቦታ ላይ መስመሮቹ በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ዕቅድ ገብተዋል። ግን የት፣ በስንት ሜትር ጥልቀት እንደተቀበሩ የሚያሳይ ሁሉም መሥሪያ ቤት የሚያየው አንድ ካርታ ከሌለ፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚቆፍረው ሰው በግምት ነው የሚቆፍረው።

አንድ ነገር እንጨምር። በየሰፈሩ የምናየው መብራት መጥፋት ብዙ ጊዜ ከተጫነው በላይ የተጫነበት ትራንስፎርመር ጣጣ ነው። ለመቶ ቤት የተተከለ ትራንስፎርመር ላይ ሁለት መቶ ቤት ከተቀጠለ፣ ሽቦው ሰማይ ላይም ዋለ መሬት ውስጥ፣ ማታ ሁሉም ምጣድ ሲጥድ መጥፋቱ አይቀርም። መቅበር ይሄን አይነካውም።

መሬቱ የማን ይሆናል?

ታወር ትልቅ መሬት ይይዛል። ከሥሩና ከግራ ቀኙ ቤት መሥራት አይፈቀድም፤ «ወሰን ማስከበር» የሚባለው ይሄ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ መሬት ምን ያህል እንደሚያወጣ እናንተም ታውቃላችሁ። ስለዚህ መስመሩ ሲቀበር ከብርሃኑ በፊት የሚመጣው የመሬት ጥያቄ ነው።

ዛሬ ከታወሩ ሥር የሚኖረው ቤተሰብ እዚያ ያለው ሌላው ስላልፈለገው ነው። ድምፁን ችሎ፣ ፍርሃቱን ችሎ። መስመሩ ተቀብሮ መሬቱ ዋጋ ሲያወጣ ያ ቤተሰብ ከአደጋው ነፃ ይወጣል ወይስ ከቦታው ይነሳል? ይሄ ከቁፋሮው በፊት በግልጽ መመለስ አለበት።

«ከተቀበረ በኋላ እላዩ ላይ ይሠራበታል» የሚለውም ልክ አይደለም። ለጥገና መቆፈር ስላለ ከከፍተኛ ኬብል በላይ ቤት አይሠራም፣ ሥሩ የሚወርድ ዛፍም አይተከልም። መቅበር ኤሌክትሪክ ፊልዱን ይሸፍናል፤ ማግኔቲክ ፊልዱ ግን በቀጥታ ከኬብሉ አናት ላይ ከታወሩ ሥር ካለው ሊበልጥም ይችላል፤ ጥቂት ሜትር ሲርቁ ቶሎ ይቀንሳል። የሚያስፈልገው ቦታ ከታወሩ በጣም ይጠባል እንጂ ዜሮ አይሆንም።

ሂሳቡስ? ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በየሦስት ወሩ እየጨመረ ለአራት ዓመት የሚዘልቅ የታሪፍ ማሻሻያ ላይ ነን። ከሕዝባችን ግማሽ የሚጠጋው ደግሞ ገና መብራት የለውም። አንድ ኪሎ ሜትር መሀል ከተማ ለመቅበር የሚወጣው ብር ገጠር ውስጥ ስንት ኪሎ ሜትር በአየር ይዘረጋል? ይሄን ስንል «አትቅበሩ» ማለታችን አይደለም። ምርጫ መሆኑ ይታወቅ ነው።

እኛ እንዲህ እናስባለን

ሰው በበዛበት፣ መሬት በተወደደበት፣ ርቀቱ ባጠረበት ቦታ ከፍተኛ መስመርን መቅበር ተገቢ ነው። ሜዳና ተራራ አቋርጦ ለሚሄደው ግን ታወሩ ይቆይ፤ ብረቱ እንዳይሰረቅ መጠበቁ ይሻላል።

ስለዚህ ቀጥሎ «ይህን ያህል ኪሎ ሜትር ተቀበረ» የሚል ዜና ስታዩ አራት ነገር ጠይቁ። የትኛው ነው የተቀበረው፣ የሰፈሩ ወይስ ከፍተኛው? አንዱ ኬብል ቢሄድ ኃይሉ የሚዞርበት ሌላ መንገድ አለው? ካርታው የት ነው፣ ማን ያየዋል? ከመስመሩ ሥር የነበሩት ሰዎች የት ናቸው?

ኦክላንድ አራት ኬብል ነበራት፤ አራቱም በአንድ ወር ውስጥ ሄዱ። እኛ ጋ ስንት እንዳለ የመጠየቂያው ጊዜ ጉድጓዱ ሳይደፈን ነው።