የአሮጌ መኪና ዋጋ ሊብሬ ሲዛወር አያልቅም

በሌላው ዓለም መኪና ሲያረጅ ዋጋው ይወርዳል። በአዲስ አበባ ግን ደላላው 40 ዓመት ያለፈውን ኮሮላ ዲኤክስ “ገንዘብ ማስቀመጫ ነው” እያለ ይሸጣል። በ2012 ዓ.ም. በአሮጌ መኪኖች ላይ የተጣለው ከባድ ኤክሳይዝ ታክስና በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉ አባባሉን አጠናክረውለታል። ይሁን እንጂ መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ ነውና ብር ሲረክስ አብሮ ይወደዳል።

ሰማያዊ ጭስ የሚያወጣ ሞተር ዘይት ይበላል፤ ፋሻው አልቆ ከሆነ ሞተር ማውረድ ይከተላል። ውኃ እያጎደለ የሚግል ከሆነ የቴስታታው ጋርኒሲዮን ተቃጥሎ ሊሆን ይችላል። ጋርኒሲዮኑ ብቻውን ውድ አይደለም፤ ሒሳቡን የሚያንረው የተጣመመውን ቴስታታ ቶርኖ ቤት ማስተካከልና የመካኒኩ የእጅ ዋጋ ነው። አዲስ ቀለምም ቢሆን ከሥሩ ስቱኮና የዛገ ላሜራ ሊደብቅ ይችላል።

ስለዚህ ገዢ የራሱን መካኒክ ይዞ፣ ሻጩ ሞተሩን ሳያሞቀው በማለዳ ይድረስ። የመለዋወጫውን ዋጋ ሶማሌ ተራ ያጣራ፤ የእጅ ዋጋ ደምሮ ከተጠየቀው ላይ ይቀንስ። ይህን ሒሳብ ሳይሠራ ቀብድ የከፈለ ሰው የገዛው ሀብት ሳይሆን ሌላው የሸሸውን ወጪ ነው።