ዘጠና ዘጠኙ ጀግኖችና ኩዌታዊው ሐኪም



ልጆቻችን በትምህርት ቤት ቦርሳቸው፣ በደብተራቸው ሽፋንና በካልሲያቸው ላይ ሳይቀር የማንን ምስል ይዘው እንደሚውሉ ልብ ብለን እናውቃለን? ቀይ ካባ ደርቦ የሚበረውን፣ የሌሊት ወፍ ጭምብል ያጠለቀውን፣ እንደ ሸረሪት ግድግዳ የሚቧጥጠውን ከእኛ ይልቅ እነሱ በየስማቸው ያውቋቸዋል። እነዚህ ሁሉ በአሜሪካ ኮሚክ፣ ማለትም በስዕል በሚተረኩ የታሪክ መጽሔቶች፣ ተወልደው በፊልም ያደጉ ናቸው። በዛሬው ዓምዳችን የምናነሳቸው ሰው በዚሁ ሜዳ ገብተው ከሙስሊሙ ታሪክ የተቀዱ ጀግኖችን ለልጆች ለማቅረብ የደከሙ ናቸው። ድካማቸው ብዙ ምስጋና አስገኝቶላቸዋል፤ ብዙ ጣጣም አምጥቶባቸዋል።

ዶክተር ናይፍ አል-ሙጠወዕ እ.ኤ.አ. በ1971 በኩዌት ተወለዱ። ሙያቸው የሥነ ልቦና ሕክምና ነው። ልጅ ሳሉ ክረምቱን አሜሪካ ኒው ሃምፕሻየር በሚገኝ የልጆች የበጋ ካምፕ ያሳልፉ ነበር፤ የንባብ ፍቅርም የያዛቸው እዚያ ነው። ኋላም በዚያው አገር ተማሩ። ትምህርታቸውን ሲጨርሱ በኢራቅ ተማርከው የነበሩ ኩዌታውያንን፣ በኒውዮርክ ቤልቪው ሆስፒታል ደግሞ በፖለቲካ ምክንያት የማሰቃየት ግፍ የተፈጸመባቸውን ሰዎች አክመዋል። ከታካሚዎቻቸው የሰሙትን አንድ ነገር በየመድረኩ ይናገሩታል። ከእነዚህ ሰዎች መካከል ገና በልጅነታቸው መሪያቸውን እንደ ጀግና እያዩ ያደጉ፣ በኋላ ግን በዚያው ጀግናቸው እጅ የተሰቃዩ ነበሩበት። ልጅ ማንን ጀግና ብሎ ያድጋል የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲህ አብሯቸው ኖረ።

መጻፍ ለእሳቸው አዲስ አልነበረም። በ1990ዎቹ ስለ መቻቻል በጻፉት የልጆች መጽሐፍ ከዩኔስኮ ሽልማት አግኝተው ነበር። ከዚያ ግን ብዕሩን አስቀምጠውት ቆዩ። እ.ኤ.አ. በ2003 ለንደን ውስጥ ከቤተሰባቸው ጋር በታክሲ ሲጓዙ እህታቸው፣ «እንደገና ለልጆች ለምን አትጽፍም?» እያለች ትጎተጉታቸዋለች። የምጽፍ ከሆነ እንደ ፖኪሞን ዓለምን የሚያዳርስ ነገር መሆን አለበት ብለው ያስባሉ። ፖኪሞን ደግሞ ከሁለት ዓመት በፊት በሳዑዲ ዓረቢያ በፈትዋ ተከልክሎ ነበር። ሐሳባቸው ከዚያ ወደ ፈትዋው፣ ከፈትዋው ወደ አላህ፣ ከዚያም ወደ 99ኙ የአላህ ስሞች ሄደ። ታክሲው ካሰቡት ቦታ ሳይደርስ የሥራቸው ርዕስ ተገኝቶ ነበር፤ «ዘጠና ዘጠኙ»።

ታሪኩ የሚጀምረው ከባግዳድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1258 ሁላጉ ኻን ከተማይቱን ሲያወድም የቤተ መጻሕፍቷ መጻሕፍት ጤግሮስ ወንዝ ውስጥ ተጣሉ። ወንዙ በቀለም ጠቆረ እየተባለ ሲነገር የኖረ ነው። ዶክተር ናይፍ በዚህ እውነተኛ ጥፋት ላይ ልብ ወለድ ይጨምሩበታል። የቤተ መጻሕፍቱ ጠባቂዎች ከመጻሕፍቱ የሚወጣውን ዕውቀት በ99 የከበሩ ድንጋዮች ውስጥ ያጠራቅማሉ፤ ድንጋዮቹንም ሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስት አድርገው በሦስት ሙስበሓ ይሰኳቸዋል። ድንጋዮቹ በስውር ወደ አንደሉስ፣ ወደ ገርናጣ ይሻገራሉ። ገርናጣ በ1492 ስትወድቅ በዓለም ዙሪያ ይበተናሉ። በእኛ ዘመን ድንጋዮቹን የሚያገኙ ወጣቶች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ኃይል ይሰጣቸዋል። ኃይሉን ለራሱ ጠቅልሎ ሊይዝ የሚፈልግ ሩጋል የሚባል ክፉ ሰው አለ፤ ወጣቶቹን የሚሰበስብ ዶክተር ራምዚ የሚባል መልካም ሰውም አለ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ባግዳድና ገርናጣ ለብዙ ልጆች የፈተና ጥያቄ እንኳ አይደሉም፤ ጭራሽ አልሰሟቸውም። በሁለት ከተሞች ውድቀት መካከል ያለውን የሁለት መቶ ሠላሳ አራት ዓመት ታሪክ በድንጋይ ፍለጋ ለሕፃን ማስያዝ ቀላል ጥበብ አይደለም። ይህን ምስጋና መንፈግ ግፍ ይሆናል።

ጀግኖቹ ከአንድ አገር የመጡ አይደሉም። በፈንጂ ላይ ረግጦ ከሞት የተረፈው ግዙፉ ጀባር የሳዑዲ ልጅ ነው። በሰዎች ውስጥ ያለውን ብርሃን የምታየው ኑራ ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች ናት። ራሷን የምትሰውረው ባጢና የመናዊት ስትሆን መላ አካሏ የተሸፈነ ነው። በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደውና ሕመምን መስጠትም ማስወገድም የሚችለው ዷር ደግሞ አሜሪካዊ ነው። ሒጃብ የለበሱ ልጃገረዶች አሉ፤ ያልለበሱም አሉ። ወንድና ሴት ብቻቸውን እንዳይገኙ ጀግኖቹ ሦስት ሦስት ሆነው ነው የሚሠሩት። በመጽሔቱ ውስጥ ሰላትም፣ ቁርኣንም፣ እስልምና የሚል ስምም አይነሳም። ዶክተሩ ይህን ያደረጉት ሆን ብለው ነው፤ ለጋስነት፣ ጥበብና እዝነት የሁሉም ሰው እሴቶች ናቸው የሚል እምነት ነበራቸው።

መጽሔቱ እ.ኤ.አ. በ2006 ወጣ። ተሽኪል የተባለ ድርጅታቸው ያሳተመው ሲሆን በሥራው ላይ በአሜሪካ ታዋቂ ኮሚኮች ላይ የሠሩ ጸሐፊዎችና ሠዓሊዎች ተሳትፈዋል። ሳዑዲ ዓረቢያ መጀመሪያ ከለከለችው። በኋላ የሸሪዓ ቦርድ ያለው ኢስላማዊ የኢንቨስትመንት ባንክ በድርጅቱ ላይ ገንዘብ ሲያፈስ በሩ ተከፈተለት። እ.ኤ.አ. በ2009 በኩዌት ጃህራ በጀግኖቹ ስም የልጆች መዝናኛ ተከፈተ። በ2010 ጀግኖቹ ከነሱፐርማንና ባትማን ጋር በስድስት እትሞች አብረው ወጡ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኦባማ በአንድ ጉባኤ ላይ ስማቸውን ጠርተው አመሰገኗቸው። ከዚያም ሥራው ወደ ካርቱን ፊልም ተሸጋገረ፤ ኤንደሞል ከተባለው ድርጅት ጋር የመጀመሪያው ዙር 26 ክፍል ሆኖ ተሠራ።

ፈተናው የመጣው ግን ከሁለት ወገን ነው። በአሜሪካ አንድ የልጆች የቴሌቪዥን ጣቢያ ፊልሙን አሳያለሁ ብሎ ካስታወቀ በኋላ ተቃውሞ ተነሳ፤ ልጆቻችን በሸሪዓ ሊመረዙ ነው የሚሉ ጽሑፎች በጋዜጣ ወጡ። ጣቢያውም ማሳየቱን አራዘመው። አንድ ጊዜ እንኳ ሰላት የማይሰገድበት ፊልም ሸሪዓን ያስፋፋል መባሉ የሚገርም ነው! በወዲህ በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2014 የሳዑዲ ዓረቢያ የፈትዋ ኮሚቴ ሥራውን አወገዘው። በትዊተርም የግድያ ዛቻ ወረደባቸው፤ በኩዌትም ክስ ቀረበባቸው።

ስለ ዛቻው ብዙ ማለት አያሻም፤ አጸያፊ ነው። የስሞቹ ጉዳይ ግን በቀላሉ የሚታለፍ ስላልሆነ የምናስበውን በግልጽ እንናገራለን።

ዶክተር ናይፍ የሚሰጡት መልስ አለ። «አል» የሚለው ፊደል ሲጨመርበት ስሙ የአላህ ብቻ ነው፤ ያለ «አል» ሲሆን ሰውም ሊጠራበት ይችላል ይላሉ። ይህ ባዶ ክርክር አይደለም። በሱረቱ ተውባ መጨረሻ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) ራሳቸው ረኡፍና ረሒም ተብለው ተወስተዋል። ሆኖም ሁሉም ስም እኩል አይደለም። ጀባር የሚለውን እንውሰድ። ለአላህ ሲሆን የልዕልና ስም ነው። ለሰው ሲሆን ግን ቁርኣን በነቀፌታ ነው የሚጠቀምበት፤ በሱረቱል መርየም ነቢዩላህ የሕያም ነቢዩላህ ዒሳም (ዐ.ሰ.) ጀባር፣ ማለትም ትዕቢተኛና ጨቋኝ፣ እንዳልነበሩ ተነግሮላቸዋል። እንግዲህ ሕፃኑ ጀባር ብሎ የሚወደውን ጀግና ቁርኣን ሲቀራ በምን ትርጉም ሊያገኘው ነው? ዷር የሚለውም «ጎጂ» ማለት ነው፤ ዑለሞች ይህን ስም ብቻውን ነጥላችሁ አትጥሩት፣ «ጠቃሚ» ከሚለው ከናፊዕ ጋር አጣምሩት ይላሉ። እኛስ ብንሆን ዐብዱልጀባር ብለን ያወጣነውን ስም ሰፈር ውስጥ «ጀባር» እያልን እያሳጠርን አይደለም እንዴ የምንጠራው! ዑለሞቻችን በዚህ ሲገሥጹን ኖረዋል፤ ስለዚህ በኩዌታዊው ላይ ጣት ከመቀሰር በፊት የራሳችንን ደጃፍ ማየቱ ይበጃል።

በእኛ ግምት የዶክተሩ ስህተት በሐሳባቸው ላይ ሳይሆን በርዕሳቸው ላይ ነው። የባግዳድ መጻሕፍት፣ የገርናጣ ጉዞ፣ ሦስት ሆነው የሚረዳዱት ወጣቶች፣ እነዚህ ሁሉ ያለ 99ኙ ስሞችም ይቆሙ ነበር። ቁጥሩ ግን የገበያ ምልክት ሆነ፤ መጽሔት፣ ፊልምና መዝናኛ ቦታ ተሸጠበት። ብዙ ቅን ሙእሚን ቅር የተሰኘው እዚህ ላይ ይመስለናል። በሌላ በኩል የባንኩ የሸሪዓ ቦርድ ተቀብሎት ያለፈውን ሥራ ሌሎች ዑለሞች ከዓመታት በኋላ ማውገዛቸው፣ ነገሩ በአዋቂዎች ዘንድም ያከራከረ እንደነበር ያሳያል። የተከራከሩበትን ሰው በዲን ያላገጠ አድርጎ መሳል ግን ሐቅን መሳት ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ ሕዝባዊ ቴሌቪዥን ስለ እሳቸው በታየው ጥናታዊ ፊልም ላይ ለልጆቻቸው የሚጨነቁና በብድርና በባለሀብት መካከል የሚራወጡ አባት ናቸው። አምስት ወንዶች ልጆች አሏቸው።

መጽሔቱ ታትሞ መውጣቱን ካቆመ ቆይቷል። ዶክተሩ በኩዌት ሱር የተባለ የሥነ ልቦና ምክርና ሕክምና ማዕከል አቋቁመዋል፤ ከሰዎች ሕመም ጋር ያላቸው የቀድሞ ሥራም በዚያ ቀጥሏል።

የፊልሙ ክፍሎች ምናልባት እጃችሁ ቢገቡ ለልጆቻችሁ ከፍታችሁላቸው ወደ ማዕድ ቤት አትሂዱ፤ አብራችሁ ተቀመጡ። ጀባር ሲባል የአላህ ስም መሆኑን ንገሯቸው፤ ዐብድ የሚለው ለምን እንደሚቀድም አስረዷቸው። ድንጋዮቹ እውነት ናቸው ወይ ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። ድንጋዮቹ ፈጠራ ናቸው፤ ወንዙና መጻሕፍቱ ግን ነበሩ በሏቸው፤ ከዚያም ካርታ አምጡና ባግዳድን አሳዩዋቸው።