ፎቶ መሸጥና በፎቶ መሥራት ለየቅል ናቸው

ቴሌግራም ከከፈታችሁ ማስታወቂያውን አይታችሁታል። ስልክ ካላችሁ በቃ፣ ያነሳችሁትን ፎቶ ኢንተርኔት ላይ ትጭናላችሁ፣ ከዚያ ተኝታችሁም ዶላር ይገባል ይላል። ዝርዝሩን ለማወቅ ግን መጀመሪያ የሥልጠና ክፍያ በቴሌብር መላክ ያስፈልጋል። አሠልጣኙ ራሱ ፎቶ ሸጦ ስንት እንዳገኘ የሚያሳይ ማስረጃ ስትጠይቁት ወይ የመኪና ፎቶ ይልክላችኋል፣ ወይ ከቻናሉ ያስወጣችኋል።

ሥልጠናውን የሚገዛው ማን እንደሆነ አውቃለሁ። ዲግሪውን ይዞ ዓመት ሥራ የጠበቀ ልጅ ነው። ወይም ሥራ አግኝቶ ደመወዙ ከቤት ኪራይና ከትራንስፖርት አልተርፍ ያለው ነው። እኔም ኢኮኖሚክስ ተመርቄ በጽሑፍና ቅዳሜ ቅዳሜ በዕቃ ፎቶ የምተዳደር ስለሆንኩ፣ «እውነት ይሠራል ወይ?» የሚል መልእክት በሳምንት አንዴ ሁለቴ ይደርሰኛል። መልሴ ሁሌም አንድ ነው። በካሜራ የጎን ገቢ ማግኘት ይቻላል፤ ገንዘቡ ያለው ግን እነሱ በሚጠቁሙት በኩል አይደለም። ከፎቶው ይልቅ ሙያውን መሸጥ ነው የሚያዋጣው። እስቲ በቁጥር እንየው።

ስቶክ ፎቶ የሚባለው ገበያ የሚሠራው እንዲህ ነው። እናንተ ፎቶ ትጭናላችሁ፤ ማስታወቂያ ሠሪው ወይም መጽሔቱ ለድርጅቱ በየወሩ እየከፈለ የፈለገውን ያወርዳል፤ የእናንተን ካወረደ ድርሻ ይደርሳችኋል። ለመጀመር ውድ ካሜራ አያስፈልግም። ሻተርስቶክም ሆነ አዶቤ ስቶክ የሚጠይቁት ዝቅተኛ መጠን 4 ሜጋፒክስል ነው፤ አሁን ይሄን የምታነቡበት ስልክ ያልፈዋል። እስከዚህ ድረስ ማስታወቂያው አልዋሸም።

ድርሻው ላይ ስንደርስ ነው ነገሩ የሚቀየረው። ሻተርስቶክ ከ2020 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ ለባለ ፎቶው የሚሰጠው ከ15 እስከ 40 በመቶ ነው። አዲስ ሰው ከ15 ይጀምራል፤ ብዙ በሸጠ ቁጥር ደረጃው ያድጋል፤ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ደረጃ ይመለሳል። በየዓመቱ አንደኛ ክፍል መግባት በሉት። ለአንድ ማውረድ ዝቅተኛው ክፍያ 10 የዶላር ሳንቲም ነው። በዚህ ዋጋ መቶ ሰው ቢያወርድላችሁ 10 ዶላር አገኛችሁ። አዶቤ ስቶክ በድርሻው ይሻላል፤ ለፎቶ 33 በመቶ ይሰጣል፤ ግን ሒሳባችሁ 25 ዶላር ሳይሞላ ማውጣት አይቻልም።

ከዚያ ግብር አለ። ይሄን አንድም አሠልጣኝ ሲናገር አልሰማሁም። ድርጅቶቹ የአሜሪካ ስለሆኑ ስትመዘገቡ ደብሊው ኤይት ቤን የሚባል የግብር ቅጽ ያስሞሏችኋል። ኢትዮጵያ ከአሜሪካ ጋር ተደራራቢ ግብርን የሚያስቀር ስምምነት ስለሌላት፣ አሜሪካ ያለ ገዢ ካወረደው ፎቶ ከምታገኙት ላይ 30 በመቶው እዚያው ይቀራል። ያቺ 10 ዶላር፣ ገዢዎቹ ሁሉ አሜሪካ ያሉ ከሆኑ፣ 7 ሆነች ማለት ነው።

አሁን ወደ ሰዓት ቀይሩት። ፎቶውን መምረጥ፣ ብርሃኑን ማስተካከል፣ እስከ 50 የሚደርስ ቁልፍ ቃል በእንግሊዝኛ መጻፍ፣ መጫን። ለአንዱ 10 ደቂቃ ብትመድቡ ለመቶ ፎቶ ከ16 ሰዓት በላይ ይሄዳል፤ ያውም ማንሳቱ ሳይቆጠር፣ ያውም መብራትም ኔትወርክም ካልጠፋ። ከመቶው ስንቱ እንደሚሸጥ ደግሞ አስቀድሞ የሚያውቅ የለም።

ዋጋው ለምን እንዲህ ወረደ ካላችሁ መልሱ የአንደኛ ዓመት ኢኮኖሚክስ ነው። ሻተርስቶክ ላይ ብቻ ከ400 ሚሊዮን በላይ ምስል አለ። ከእንጦጦ ያነሳችኋት የምትጠልቅ ጀምበር ማኒላ ላይ ከተነሳችው ጋር ነው የምትወዳደረው፤ ገዢው ደግሞ የቷ የት እንደጠለቀች ግድ የለውም። በዚያ ላይ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ወዲህ አዶቤ ስቶክ በሰው ሠራሽ አስተውሎት የተሠራ ምስልም ይቀበላል። አበባ፣ ደመና፣ ላፕቶፕ ላይ ያረፈ እጅ፤ እነዚህን ማሽኑ በሰከንድ ያመርታቸዋል።

እስካሁን የከበደው የእኛን ኑሮ ነው። ጀበና ሥራ ስትሉት ብዙ ጊዜ የሻይ ማንቆርቆሪያ ነው የሚያመጣላችሁ። በእነዚህ ገጾች ላይ ኢትዮጵያ ብላችሁ ስትፈልጉ በብዛት የሚመጣው ላሊበላ፣ ዳናክልና ኦሞ ነው። ባንክ መስኮት ላይ የተቀመጠች ወጣት፣ ኮንዶሚኒየም ደረጃ ላይ የሚያጠና ተማሪ፣ ምሳ ዕቃ ከፍተው አብረው የሚበሉ የቢሮ ሰዎች፣ እነዚህ ጥቂት ናቸው። መጫን ካማራችሁ ይሄን ጫኑ።

ግን እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ። ፊቱ የሚለይ ሰው ያለበትን ፎቶ ለማስታወቂያ ለመሸጥ ሰውየው የፈረመበት ፈቃድ ያስፈልጋል። ድርጅቶቹ ይጠይቃሉ፤ የእኛም ሕግ ይጠይቃል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 27 የሰውን ፎቶግራፍ ያለ ፈቃዱ በአደባባይ ማሳየት፣ ማባዛትም ሆነ መሸጥ አይቻልም ይላል። እንደ ሕዝባዊ ሁነት ያሉ ልዩ ሁኔታዎችን ቀጥሎ ያለው ቁጥር ያስቀምጣል። የሠፈራችሁ ቡና አፍይ እትዬ እገሌ ለእናንተ ፈገግ ስላሉ ብቻ ፊታቸው በማያውቁት አገር የመድኃኒት ማስታወቂያ ላይ እንዲለጠፍ ፈቅደዋል ማለት አይደለም። ስታስፈርሟቸው ምን ላይ እንደሚፈርሙ በአማርኛ ንገሯቸው፣ ድርሻቸውንም አስቡ። ኦሞ ሸለቆ ያሉ ወገኖቻችን ቱሪስት ካሜራ ሲያወጣ ዋጋ ሲጠይቁ የሚስቅ ሰው አለ። እኔ ገበያው ከእኛ ቀድሞ የገባቸው እነሱ ናቸው እላለሁ።

ታዲያ ሙያውን መሸጥ ያልኩት ምንድነው?

መጀመሪያ እዚሁ ቅርብ ያለውን ተመልከቱ። ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ጫማ፣ ቦርሳ፣ የወጥ ቤት ዕቃ የሚሸጡ ልጆች ብዙዎቹ የሚለጥፉት ከቻይና አቅራቢው ገጽ የተወሰደ ፎቶ ነው። ደንበኛው ደግሞ ብዙ ጊዜ ተታሏልና መጀመሪያ የሚጠይቀው ትክክለኛውን ፎቶ እንዲልኩለት ነው። ይሄ ለእናንተ ሥራ ነው። አንድ ሜትር ተኩል ነጭ አቡጀዲ፣ የመስኮት ብርሃን፣ ጥላውን የሚሰብር ነጭ ካርቶን፣ ስልካችሁ። እኔ በአንድ ዕቃ 100 ብር አስከፍላለሁ፤ ቅዳሜ ጠዋት 20 ዕቃ ካነሳሁ 2,000 ብር ነው፤ ገንዘቡም ዕቃው ከመነሳቱ በቴሌብር ይገባል። አዲስ ዕቃ ሲገባ ሻጩ ራሱ ይደውላል። ዶላር እኮ አይደለም የሚለኝ ሰው አለ። አዎ፣ አይደለም። ግን የቤት ኪራይም በብር ነው የሚከፈለው።

ዶላሩን ከፈለጋችሁ ደግሞ ከ400 ሚሊዮኑ ፎቶ ጋር ከመጋፋት ይልቅ ሌላው የማያውቀውን የምታውቁበት ቦታ ሂዱ። ዋሽንግተን ዲሲና ሲልቨር ስፕሪንግ አካባቢ የሐበሻ ሠርግ የሚያነሱ ፎቶ አንሺዎች አሉ። ከአንድ ሠርግ ሺህ ምናምን ፎቶ ይወጣል፤ መርጦ ቀለሙን አስተካክሎ አልበም የሚያዘጋጅ ሰው ያስፈልጋል። ሠርጉን ከመልሱ የማይለይ፣ ሙሽሮቹ የሽማግሌዎችን ጉልበት የሚስሙበት ፎቶ ፈጽሞ መጣል እንደሌለበት የማያውቅ ኤዲተር የቱንም ያህል ጎበዝ ቢሆን ያበላሸዋል። እናንተ ታውቁታላችሁ፤ ያደጋችሁበት ነው።

ያን ሁሉ ፎቶ በእኛ ኢንተርኔት እንዴት ማውረድ ይቻላል? ማውረድ አያስፈልግም። ላይትሩም የሚባለው ፕሮግራም ስማርት ፕሪቪው የሚል ነገር አለው። ፎቶ አንሺው ዋናዎቹን ፋይሎች እዚያው አስቀምጦ በጣም ያነሱ ቅጂዎችን ከካታሎጉ ጋር ይልክላችኋል፤ እናንተ በእነሱ ላይ ሠርታችሁ ካታሎጉን ብቻ ትመልሳላችሁ፤ እሱ ጋ ሲከፈት ማስተካከያው በዋናው ፎቶ ላይ ይሆናል። የዳታ ፓኬጃችሁ ይተርፋል።

ቅድም ያልኩት 30 በመቶም እዚህ የለም። የአሜሪካ ሕግ የአገልግሎት ገቢን የሚያየው ሥራው በተሠራበት ቦታ ነው። እናንተ አራት ኪሎ ተቀምጣችሁ የሠራችሁት ሥራ የአሜሪካ ገቢ አይባልም። የራሳችን አገር ግብር ግን በቦታው አለ፤ እሱን አትርሱ። አንድ ዓይነት ዓይን፣ አንድ ዓይነት ሙያ፤ ፎቶውን ስትሸጡ ሲሦው ያህል ይቆረጣል፣ ጉልበታችሁን ስትሸጡ አይቆረጥም። ሥልጠና የሚሸጡት ሰዎች ይሄን ቢያስተምሩ እኔም በከፈልኩ።

ደንበኛ የሚገኘው በትውውቅ ነው፤ ካልሆነ በፋይቨርና በአፕወርክ። ፋይቨር ከምታገኙት 20 በመቶ ይወስዳል። አፕወርክ ላይ ለሥራ ለማመልከት ኮኔክት የሚባል ነገር ይገዛል፤ አንዱ 15 ሳንቲም ነው፤ አንድ ሥራ 10 ከጠየቀ ገና ሳትቀጠሩ 1 ዶላር ከ50 ወጣ ማለት ነው። ስለዚህ ያየኸው ሁሉ ላይ አመልክት የሚለውን ምክር አልወደውም። እነዚህ ግን ቢያንስ ዋጋቸውን በግልጽ የሚናገሩ ናቸው። ቪዲዮ ላይክ አድርጋችሁ ትንሽ ብር ከላኩላችሁ በኋላ፣ የቀረውን ለማውጣት መጀመሪያ ይህን ያህል አስገቡ የሚሉት ሌላ ናቸው። የራሳችሁን ገንዘብ ለመስጠት ገንዘብ የሚጠይቅ አሠሪ የለም። የላኩላችሁን ትንሿን ብር ይዛችሁ ውጡ።

የመጨረሻው ጣጣ ክፍያው ነው። ፔይፓል ከኢትዮጵያ ሆኖ ለመክፈል እንጂ ለመቀበል አያገለግልም። በዚህ ምክንያት ኬንያ ወይም አሜሪካ ባለ ሰው ስም አካውንት የሚከራዩ ልጆች አሉ። አትሞክሩት። ድርጅቱ አንድ ቀን መታወቂያ ሲጠይቅ አካውንቱ ይዘጋል፤ ገንዘቡም የእናንተ መሆኑን የሚያሳይ ምንም ወረቀት አይኖራችሁም። ብዙዎች የሚጠቀሙት ፔዮኒርን ነው። እዚያ ስትመዘገቡ ስማችሁ በእንግሊዝኛ ፊደል ፓስፖርቱ ላይ የተጻፈበትና ባንክ ደብተሩ ላይ የተጻፈበት አንድ መሆኑን አስቀድማችሁ አረጋግጡ፤ በአንድ ፊደል ልዩነት የቆመ ክፍያ አይቻለሁ። ደንበኛው ቋሚ ከሆነ ደግሞ በቀጥታ በባንክ ይላክላችሁ።

በባንክ መቀበል ድሮ ያስቆጭ ነበር። ብሔራዊ ባንክ የምንዛሪ ዋጋውን ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ለገበያ እስኪተወው ድረስ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበረች፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈች። ያው የላፕቶፑም ዋጋ አብሮ ወጥቷል፤ ስለዚህ ዶላር አገኘሁ ብሎ ሀብታም መሆን የለም። ቢሆንም ገንዘቡን በሕጋዊ መንገድ ማስገባት ሞኝነት መሆኑ ቀርቷል።

የሚቀረው መስኮቱ ላይ ያለው ሰው ነው። 80 ዶላር ሲላክልኝ ባንኩ መጀመሪያ የንግድ ፈቃድ ጠየቀኝ፤ ቀጥሎ ማኅተም ያለበት ውል አምጣ አለኝ። ዋሽንግተን ያለ የሠርግ ፎቶ አንሺ ማኅተም የለውም፤ ማኅተም ምን እንደሚያደርግለትም አያውቅም። ሠራተኛዋ ትሑት ናት፣ አላመናጨቀችኝም፤ እንዲህ ዓይነት ገቢ በየትኛው ቅጽ እንደሚሞላ የነገራት ሰው ስለሌለ ብቻ ከመስኮት መስኮት ላከችኝ። መንግሥት በ2016 መጨረሻ 5 ሚሊዮን ኮደሮች ብሎ ወጣቱን ሙያ ሊያስተምር ጀምሯል፤ ጥሩ ነው፣ ብዙ ጓደኞቼ ምስክር ወረቀቱን ይዘዋል። ያ ወረቀት ወደ ገቢ የሚለወጠው ግን እዚህ መስኮት ላይ ነው። ብሔራዊ ባንክ ለባንኮች አንድ ገጽ ደብዳቤ ቢጽፍ ይበቃል፤ በአነስተኛ መጠን ለሚመጣ የአገልግሎት ክፍያ የሥራ ደረሰኝና መታወቂያ በቂ ነው የሚል።

እስከዚያው እኔ ያደረግሁትን ልንገራችሁ። ደንበኛው በኢሜይል ምን እንዳሠራኝ፣ ስንት ፎቶ እንደሆነና ስንት እንደላከልኝ በሦስት መስመር ጻፈልኝ፤ እሱንና በቁጥር የተመዘገበ ደረሰኜን አትሜ፣ ፓስፖርቴን ጨምሬ ሄድኩ። ሦስተኛው መስኮት ላይ ያለው ሰውዬ አንብቦ «ይሄማ የሥራ ክፍያ ነው» አለና ፈረመልኝ።