አፓቼ ከመጠየቅህ በፊት ተራራህን ጠይቅ

ወገኔ፣ ሰሞኑን ፌስቡክ ላይ ሁሉም ጄኔራል ሆኗል። የአፓቼ ፎቶ ይለጥፍና «እኛስ መቼ ነው?» ይላል። በራሱ አየር ኃይል ላይ «የድሮ የሩሲያ ብረት» እያለ የሚያላግጥም አለ። ወንድሜ፣ እህቴ፣ አገር መውደድ ፎቶ ላይክ ማድረግ አይደለም። እስቲ እንነጋገር።

ተዋጊ ሄሊኮፕተር ሞባይል አይደለም፤ አዲስ ሞዴል ወጣ ተብሎ አይቀየርም። ቁም ነገር ያለው ጦር «የቱ ያምራል?» ብሎ አይጀምርም። የት ነው የምበረው? ምን ተሸክሜ? ማንን ለመደገፍ? ሲበላሽስ ማን ይጠግነዋል? ብሎ ነው የሚጀምረው።

የመጀመሪያው መልስ እግርህ ስር ነው። አዳሚ ቱሉ ቆመህ ዙሪያህን ስታይ ዝቅ ያለ ሜዳ ላይ ያለህ ይመስልሃል። ግን ከባሕር ጠለል ከ1,600 ሜትር በላይ ነህ! የአየር ኃይላችን ቤት ቢሾፍቱ 1,900 ሜትር ገደማ ነው። ራስ ዳሸን ደግሞ ከ4,500 ሜትር ይበልጣል። ከፍታና ሙቀት ሲጨምር አየሩ ይሳሳል። አየሩ ሲሳሳ ሞተሩ ጉልበት ያጣል፣ የሚሽከረከረው ክንፍም የሚያነሳው ክብደት ይቀንሳል። ያኔ ወይ ነዳጅ ትቀንሳለህ ወይ ሮኬት። ሻጩ በወረቀት ላይ የጻፈልህ ቁጥር እዚህ ስትደርስ ሌላ ነው።

ህንድን እይ። እ.ኤ.አ. በ1999 ካርጊል ተራራ ላይ ስትዋጋ ሚ-35 ነበራት፤ እዚያ ከፍታ ላይ ግን አልሆነላትም። ታዲያ ተቀምጣ አለቀሰች? የራሷን ሠራች እንጂ! ፕራቻንድ የሚባለውን ለተራራ የተሠራ ሄሊኮፕተር አየር ኃይሏ በ2022 ተረከበ። አፓቼም ገዝታለች፤ የተራራውን ሥራ ግን ለአፓቼ ዝና ብላ አልተወችውም።

ተራራ ደግሞ ቀልድ አያውቅም። በ2012 ሦስት የኡጋንዳ ሚ-24 ሄሊኮፕተሮች ወደ ሶማሊያ ሲጓዙ ኬንያ ተራራ ላይ ወደቁ። ሰባት ወታደሮች ሞቱ። አንድም ጠላት አልተኮሰባቸውም።

«እንግዲያው የኛዎቹ አይረቡም ማለት ነው?» እንዳትለኝ። የሚ-24 ቤተሰብ ከሁለቱ የበረራ ሠራተኞች ሌላ ስምንት ወታደር በሆዱ ይይዛል። አፓቼ የሚይዘው ሁለቱን አብራሪዎች ብቻ ነው። መንገድ በሌለበት ወታደር ለሚያወርድና ቁስለኛ ለሚያነሳ አገር ይሄ ትንሽ ነገር ነው? ዳርፉርን አስታውስ። ተባበሩት መንግሥታት ከ2007 ጀምሮ 24 ሄሊኮፕተር ስጡኝ እያለ ሲለምን፣ መጋዘናቸው በሄሊኮፕተር የተሞላ ሀብታም አገሮች ዝም አሉ። በየካቲት 2010 አምስት ሚ-35 ኒያላ ያሳረፈችው ኢትዮጵያ ናት። ያ የምታላግጥበት «ብረት» ነው ስማችንን ያስጠራው።

እኔ አርጅቷል አይደለም አላረጀም እያልኩ አልሟገትም። ማንኛውም ማሽን ያረጃል፣ አንድ ቀንም ይተካል። ሲተካ ግን በዝና ከተተካ፣ መለዋወጫው በሌላ አገር ፈቃድ ከታሰረ፣ አብራሪው ባልተለማመደበት ሰማይ ከተላከ የሚሞተው ፎቶ የለጠፈው ልጅ አይደለም። የሚሞተው የገበሬ ልጅ ነው፤ የሚከፍለውም የደሃ ግብር ነው።

ዲግሪ ይዘን ሥራ ያጣን ስንት መካኒካልና ኤሌክትሪካል ምሩቅ አለን! «አፓቼ ይገዛልን» ከማለት «ያለውን የምንጠግንበት፣ የሚመጣውን የምንመርጥበት፣ ነገ የምንሠራበት በር ይከፈትልን» ብንል አይሻልም? ህንድ ዛሬ ያለችበት የደረሰችው በመሐንዲሶቿ እንጂ በላይክ አይደለም።

ስለዚህ ነገ አንዱ የአፓቼ ፎቶ ሲለጥፍ ሦስት ጥያቄ ጠይቀው፦ የት ነው የሚበረው? ምን ይሸከማል? ማን ይጠግነዋል? መልስ ካለው እናዳምጠው። ከሌለው ይህን ጽሑፍ ሼር አድርግለት።