ብቻውን ወንዝ የሚወርድ ሰው አባን ያስፈልገዋል

በየስልኩ የሚዞር አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። አንድ ወጣት በትንሽ የጎማ ጀልባ ብቻውን ወንዝ ይወርዳል፤ ማታ ዳር ወጥቶ ድንኳኑን ይተክላል፣ ጠዋት ቡናውን አፍልቶ ይቀጥላል። አራት አምስት ቀን የፈጀው ጉዞ በሦስት ደቂቃ ያልቃል። ሐረር ላይ ይህን አይቶ «ታዲያ እኛስ ኤረር አለን አይደል?» የሚል ወጣት አይጠፋም። ምኞቱ የሚነቀፍ አይደለም። አገሩን በእግርም ሆነ በውሃ ላይ ማየት የፈለገ ሰው ሊበረታታ ይገባል። ችግሩ ቪዲዮው ዋናውን ነገር ቆርጦ ማስቀረቱ ነው። ጀልባው ይታያል፤ ከጀልባው በፊት የነበረው ዝግጅት አይታይም።

የሐረር ሰው ይህን ከራሱ ታሪክ ሊማር ይችላል። ከጁገል አምስት ጥንታዊ በሮች አንዱ የሆነው ኤረር በር ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ኤረር ሸለቆ ያወጣል። እንግሊዛዊው ሪቻርድ በርተን እ.ኤ.አ. በጥር 1855 ወደ ከተማዋ የገባው በዚሁ በር እንደሆነ ይነገራል። ታሪኩ ሲወራ በርተን ብቻውን አገር ያቋረጠ ደፋር ሆኖ ይሳላል። ነገር ግን ከዘይላ ሲነሳ አጃቢዎችና መንገድ መሪዎች ነበሩት፤ አባንም ነበረው። አባን በሶማሌ ባህል እንግዳን ተቀብሎ በጎሳው ምድር የሚያሳልፍ፣ ለደህንነቱም ዋስ የሚሆን ሰው ነው። አባን የሌለው መንገደኛ ቢጠፋ ጠያቂ የለውም።

ብቻውን ለብዙ ቀን ወንዝ ሊወርድ የሚያስብ ሰውም ከሁሉ አስቀድሞ ሊያገኝ የሚገባው ይህንኑ ጠያቂ ነው። ብቻ መቅዘፍ ይቻላል። ብቻ ማቀድ ግን ራስን ለውሃው አሳልፎ መስጠት ነው።

መጀመሪያ ወንዙን መምረጥ ይመጣል። በኤረር አልጋ ላይ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋው ከውሃው ይበልጣል። ጀልባ የሚያንሳፍፍ ውሃ የሚመጣው ከደጋው ዝናብ በኋላ ነው፤ ያ ደግሞ ጎርፍ ነው። ጀልባውን የሚያነሳው ውሃ ያው ሰውን የሚወስደው ውሃ ነው ማለት ነው። ወደ ታች ሲወረድ ደግሞ የባቢሌ የዝሆን መጠለያ ይመጣል፤ ዝሆኖቹም ውሃ ፍለጋ የሚወርዱት ወደዚሁ ሸለቆ ነው። ስለዚህ ሐቀኛው ምክር «ኤረርን ተወው» የሚል ነው። ጥሩ ዕቅድ አንዳንዴ የሚያልቀው «እዚህ አይሆንም» በማለት ነው።

ሁለተኛው ነገር ሰማይን ማየት ነው፤ ግን ከራስ በላይ ያለውን ሰማይ ብቻ አይደለም። በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ፣ በሌሊት፣ የድሬዳዋው ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ገደለ። ጎርፉን ያመጣው ከከተማው በላይ ባሉት ደጋዎች የጣለው ዝናብ ነበር። በደረቅ ወንዝ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ጠብታ ሳይነካው ሊወሰድ ይችላል። ከዚህ ሁለት የማይጣሱ ሕጎች ይወጣሉ። አንደኛ፣ በአሸዋው ላይ ድንኳን አይተከልም፤ የድሮ ጎርፍ ግንድና ቆሻሻ ጥሎበት ከሄደው ምልክት በላይ ይታደራል። ሁለተኛ፣ በየቀኑ ከላይኛው ተፋሰስ ስለ ዝናቡ የሚናገር ሰው ያስፈልጋል። ከላይ ግድብ ካለም ውሃ መቼ እንደሚለቀቅ ይጠየቃል።

«ብዙ ሆኖ መሄድ ይሻላል» የሚል ይኖራል። አብዛኛውን ጊዜ እውነት ነው፤ ግን ብዛት ብቻውን አያድንም። እ.ኤ.አ. በ1965 አርነ ሩቢን የተባለ ስዊድናዊ ከሸፋርታክ ድልድይ ተነስቶ ብቻውን በታንኳ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ሱዳን ገባ። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1968፣ በጆን ብላሽፎርድ ስኔል የተመራው የእንግሊዝ ጦር ጉዞ ብዙ ሰው፣ ጀልባና አውሮፕላን ይዞ ወደ ዓባይ መጣ። ከአባላቱ አንዱ ኢያን ማክሊዮድ አንድ የዓባይ ገባር ሲሻገር ሰጠመ። አንድ ገባር፣ አንድ መሻገሪያ፣ አንድ ቅጽበት በቂ ነበር። የሩቢን መትረፍም ለማንም ማስረጃ አይሆንም፤ ከተረፈው ሰው ድፍረትን እንጂ ዕድልን መቅዳት አይቻልም።

ከዚህም ሌላ ሩቢን የወረደው ወንዝ ዛሬ የለም። ጉባ ላይ የሕዳሴው ግድብ ቆሟል፣ ከኋላውም ሰፊ ሐይቅ ተኝቷል። እ.ኤ.አ. በ1973 የሶቤክ ቡድን አባላት በጎማ ጀልባ የወረዱትን ኦሞንም ግልገል ጊቤ 3 ዘግቶታል። ስለዚህ የድሮ መጽሐፍም ሆነ የድሮ ካርታ ይዞ ውሃ ውስጥ መግባት አያዋጣም። የዚህን ዓመት ወንዝ የሚያውቀው ዳሩ ላይ የሚኖረው ሰው ነው።

አባን ፍለጋው የሚጀመረውም እዚህ ላይ ነው። ጉዞው በቀናት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ቀን መጨረሻ መንገድ ወይም መንደር የሚገኝበት መውጫ ይመረጣል። ከጉዞው በፊት በመኪናና በእግር ወደ መውጫዎቹ ተሂዶ ሽማግሌው፣ የቀበሌው ሰው፣ ዓሣ አጥማጁ ይጠየቃሉ፦ አዞ የት ይበዛል? ጉማሬ የት ያድራል? ፏፏቴ አለ? ጸጥታውስ? ፈቃድም በዚያው ይያዛል። ቤት ለቀረው ሰው የቀንና የቦታ ዝርዝር በጽሑፍ ይሰጣል፣ ሰዓትም ይቆረጣል፦ «በሁለተኛው ቀን እስከ ማታ 12 ሰዓት ካልደወልኩ ለእገሌ ደውል፤ እስከ ጠዋት ካልተገኘሁ ፍለጋ ይጀመር።» በቆላ ኔትወርክ ይጠፋልና የሚደወልባቸው ቦታዎች አስቀድመው ይታወቃሉ። የሳተላይት ስልክም ያለ ፈቃድ ይዞ መገኘት ሌላ ጣጣ ነው።

የቀረው ዕቃ ነው፦ ከሰውነት የማይወልቅ የመንሳፈፊያ ጃኬት፣ ውሃ የማያስገባ ከረጢት፣ የውሃ ማከሚያ፣ አጎበር፣ የቁስል መጠቅለያ። መዋኘት የማይችል ሰው ደግሞ ከዚህ ሁሉ በፊት ይማር። በመጨረሻም ጉዞው የሚቋረጥበት ምክንያት እቤት ተቀምጦ ይወሰናል፦ ውሃው ከደፈረሰና ከፍ ካለ፣ ትኩሳት ከያዘ፣ ቀጠሮ ካለፈ ይወጣል። ውሃ ላይ ሆኖ የሚወሰን ነገር በእልህ ይወሰናል።

«ሕይወቱ የራሱ ነው፣ ምን አገባችሁ?» ለሚል መልስ አለ። ወንዝ ዳር ሰው ሲጠፋ ሄሊኮፕተር አይመጣም። የሚገባው ገበሬው ነው፤ ገመድ በወገቡ አስሮ፣ ልጆቹን ዳር ላይ አቁሞ። ያለ ዕቅድ የገባ ሰው የራሱን ሕይወት ብቻ ሳይሆን ሳይጠይቅ የእሱንም አሲዟል።

ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል። ጉዞ ያማረው ወጣት ጀልባ ከመግዛቱ በፊት ስልኩን አንስቶ፣ በቀጠሮው ሰዓት ካልደወለ ዝም ብሎ የማይተኛ አንድ ሰው ይፈልግ። ያን ሰው ካጣ ጉዞው ገና አልታቀደም።